ከጉዳቱ ቀጥሎ የሚመጣው፦ አካል ጉዳት፣ ጤናና የዕለት ኑሮ በኢትዮጵያ ጥናቶች

በአማራ ክልል ገጠር፣ በዕድሜ ገፋ ባሉ እናቶች አንገት ላይ ከማተቡ ጋር የተንጠለጠለ ወረንጦ ማየት የተለመደ ነው። ወረንጦው ለእሾህ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ የዓይን ማዝ የሚለው ትራኮማ ከልጅነት ጀምሮ ሲመላለስ የዓይን ቆብን ከውስጥ ጠባሳ ፈጥሮበት ያጥፈዋል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይቧጭራል። ያን ጊዜ እናት ጥላ ፈልጋ ትቀመጥና ልጇን ወይም ጎረቤቷን "እስቲ ንቀይልኝ" ትላለች። የተነቀለው ፀጉር ሳምንታት ቆይቶ ይመለሳል፤ አጭርና ሸካራ ሆኖ ሲበቅል ደግሞ መውጋቱ ይብሳል።

ይህች እናት ዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ በየትኛውም መዝገብ አካል ጉዳተኛ ተብላ አትጻፍም። ጢስ የሞላው ማድ ቤት መግባት፣ እህል ማበጠር፣ በጠራራ ፀሐይ ገበያ መውረድ ግን ካቃታት ሰንብቷል። እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰባቸውን 1,000 ሰዎች ይህ ሕመም ከሌለባቸው 200 ሰዎች ጋር አነጻጽረዋል። ያገኙት መልስ ለእናቲቱ አዲስ አይሆንባትም፤ ለእኛ ግን ትልቅ ትምህርት ነው። የማየት አቅማቸው ገና ምንም ያልተነካው ሕሙማን ሳይቀሩ የኑሯቸው ጥራት ከጤነኞቹ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። መጥፎው ነገር የጀመረው ዕውርነት ከመምጣቱ በፊት ነበር።

በአገራችን ስለ አካል ጉዳትና ጤና የተሠሩ ጥናቶች ጎን ለጎን ሲነበቡ ተመሳሳይ ነገር ደጋግመው ይናገራሉ። ሰውን የሚያሰናክለው፣ ዕድሜውን የሚያሳጥረው፣ ከሰው የሚለየው ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ያልታከመ ቁስል፣ ያልተጠየቀ ጥያቄ፣ ያልተነገረ ዕውቀት፣ የተዘጋ በር። ከጉዳቱ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው በእጃችን ባለ ነገር ሊገታ የሚችል ነው። በዚህ ዳሰሳ ይህን ከቁጥሩ፣ ከዓይን፣ ከእግር፣ ከአእምሮ፣ ከትምህርት ቤትና ከሕግ አንጻር እንመለከተዋለን።

ስንት ናቸው?

በ1987 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከጠቅላላው ሕዝብ 2 በመቶ የማይሞሉ አድርጎ አስቀመጣቸው። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው ደግሞ ቁጥሩን ወደ 1 በመቶ አወረደው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተደረገ እስከ ዛሬ ያለን የመጨረሻው የቆጠራ አኃዝ ይህ ነው። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የዓለም የአካል ጉዳት ሪፖርት ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ የሚል ግምት አስፍሯል። በ2008 ዓ.ም. ከተካሄደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት በመነሣት ዩኒሴፍ ያወጣው ግምት ደግሞ 9.3 በመቶ፣ ማለትም ወደ 7.8 ሚሊዮን ሰው ነው።

አንድ አገር እንዴት 1 በመቶም፣ 9 በመቶም፣ 17 በመቶም ይሆናል? መልሱ ያለው በጥያቄው ውስጥ ነው። ቆጣሪ ደጃፍ ላይ ቆሞ አባወራውን "በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?" ቢለው ምን ይከተላል? በመጀመሪያ ወደ አባወራው አእምሮ የሚመጣው እግሩ የተቆረጠ ወይም ፈጽሞ የማያይ ሰው ነው። ጆሯቸው የከበደውን እናቱን "እርጅና ነው" ይላቸዋል። መናገር የዘገየችውን ልጁን "ገና ናት" ይላታል። ሰው እንዳያይበት ጓዳ ያስቀመጠው ልጅ ካለ ደግሞ "የለም" ብሎ ያልፋል። በዚህ መንገድ የሚሰበሰበው ቁጥር የጉዳቱን ያህል የቤተሰቡን ፍርሃትና ኀፍረት ይለካል።

እ.ኤ.አ. በ2001 በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን ይህን አካሄድ ለውጦታል። "አካል ጉዳተኛ" የሚለውን ቃል ጨርሶ ተወውና ስድስት ጥያቄዎችን አቀረበ፤ ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት፣ ለማስታወስ ወይም ሐሳብን ለመሰብሰብ፣ ራስን ለመንከባከብ፣ ከሰው ጋር ለመግባባት ይቸገራሉ? መልሱም "አለ" ወይም "የለም" ሳይሆን አራት ደረጃ አለው፤ ምንም አልቸገርም፣ ትንሽ እቸገራለሁ፣ በጣም እቸገራለሁ፣ ፈጽሞ አልችልም። በእነዚህ ጥያቄዎች ፊት ጆሯቸው የከበደው እናትም፣ ሽፋሽፍታቸው የሚወጋቸው ባልቴትም ቦታ ያገኛሉ። መስመሩን "በጣም" ላይ ካደረጉት ቁጥሩ ይቀንሳል፣ "ትንሽ" ላይ ካደረጉት ይሰፋል። ስለዚህ ማንኛውም የአካል ጉዳት ቁጥር ሲነገር ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ "ማን ተጠየቀ? በምን ቃል? መስመሩስ የት ተሰመረ?" ሊሆን ይገባል።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እንላለን። ተረቱ እውነት ቢሆንም ሸክሙን ሁሉ በደበቀው ላይ ይጥላል። መድኃኒቱ ያለበት ቦታ ካልተነገረው፣ ቢናገር የሚያገኘው ነገር ከሌለ፣ ቤተሰብ ምን ብሎ ይገልጣል?

የዓይን ነገር

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ መሆኑን አሳየ። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ ነው፤ 11.5 በመቶው የትራኮማ ጠባሳ ያስከተለው ነው። በጥቅሉ 87 በመቶ ያህሉ ዓይነ ስውርነት መከላከል ወይም ማዳን ከሚቻል ምክንያት የመጣ ነበር። ከዚህ አኃዝ ጋር ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። በበትር ከሚመሩት 10 ዓይነ ስውራን ዘጠኙ የሚጠጉት ሐኪም በሰዓቱ ቢያገኛቸው ኖሮ ዛሬ ያዩ ነበር ማለት ነው።

ወደ ወረንጦው እንመለስ። የተቀለበሰ ሽፋሽፍትን የሚያቃናው ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፤ የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ሊሠራው ይችላል። ሆኖም ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ወይም የሚወስደው አያገኝም፣ ወይም ሥራ ፈትቶ መተኛት አይችልም። በአማራ ክልል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የሙከራ ጥናት ይህን እውነታ ፊት ለፊት ተጋፍጦታል። ጥቂት ሽፋሽፍት ብቻ የተቀለበሰባቸውን 1,300 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በቀዶ ሕክምና አከመ። ለግማሾቹ ደግሞ ጫፉ በደንብ የሚገጥም ጥሩ ወረንጦ ሰጠና የሚነቅልላቸውን ሰው አሠለጠነ። ሽፋሽፍቱ እንዳይመለስ በማድረግ ቀዶ ሕክምናው በግልጽ በለጠ። የማየት አቅምንና የብሌንን ጤና በመጠበቅ ረገድ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም።

የዚህ ጥናት ዋጋ ከውጤቱ በላይ በአክብሮቱ ነው። እናቶች ለብዙ ዘመን ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር "ኋላ ቀር" ብሎ አላለፈውም፤ በእነሱ እጅ ያለውን መሣሪያ ወስዶ በሳይንስ ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ለሚችልና ለሚፈቅድ ቀዶ ሕክምና፣ ለማይችል ደግሞ እስኪደርስለት ጥሩ ወረንጦ የሚል፣ ከኑሮ ጋር የሚሄድ መልስም ሰጠን።

ሳሙና፣ ውኃ፣ ጫማ

ዝሆኔ ከሚባሉት ሕመሞች አንዱ፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፣ በትንኝም በተሕዋስም አይመጣም። የሚመጣው ከአፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲሄዱ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ ውስጥ ይገቡና የእግርን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቧንቧዎች ይጎዳሉ። እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሸታል። ይህን የአፈር ምክንያት በኢትዮጵያ ሲሠራ የቆየው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ካሳየ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሆኖታል። ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ ከአገር አቀፍ የካርታ ሥራ በመነሣት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ጎልማሶች በሕመሙ እንደሚኖሩ ገምተዋል።

በወላይታ የተሠራ አንድ ጥናት ደግሞ ከሕመሙ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አሳይቷል። ጥያቄ የቀረበላቸው 275 የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ግማሽ የሚሆኑት ሕመሙ ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር፤ በሽተኛውን ሲረዱ እንዳይዛቸውም ይፈሩ ነበር። የማይተላለፍ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ እንኳ እግሩን የሚነካለት ካጣ፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ ማን አጠገቡ ይቀመጣል? ልጁንስ ማን ያገባታል?

ሕክምናው በምሥራቅ ጎጃም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ይህ የሙከራ ጥናት 696 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ወዲያው፣ ግማሾቹን ከዓመት በኋላ አከመ። ሕክምናው ይህ ነው፦ እግርን በሳፋ ውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ጀርም በሚገድል ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል አድርቆ ማበስ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠምጠም፣ እግርን ማንቀሳቀስና ሲያርፉ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም ካልሲና ጫማ። ከዚህ ውስጥ ገጠር የማይደርስ አንድም ነገር የለም። ሕሙማኑን በየጊዜው የሚነሣው ትኩሳትና የእግር ማቃጠል፣ ሰውን ከእርሻ ወደ መደብ የሚጥለው ሕመም፣ ባልታከሙት ላይ በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ፣ በታከሙት ላይ 19.4 ጊዜ ተመዘገበ። ልዩነቱ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ለገበሬ አንድ የትኩሳት ቀን ምን ማለት እንደሆነ፣ በተለይ በእርሻና በአረም ወራት፣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቅነሳው ተአምር አይደለም፤ አጥኚዎቹም ተአምር አላሉትም። ዕብጠቱ በሳሙና ጨርሶ አይጠፋም። ሰውየው ግን ጫማ አጥልቆ ቤተ ክርስቲያን ይቆማል፣ ዕድር ይቀመጣል። ሕፃኑ ከጅምሩ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ደግሞ ሕመሙ ጨርሶ አይጀምርም።

የተሰረቀ ዕድሜ

በቡታጅራና በአካባቢዋ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ውጤት ስኪዞፍሬንያ፣ ባይፖላርና ከባድ ድባቴ ያለባቸው 919 ሰዎች 10 ዓመት ውስጥ ምን እንደገጠማቸው ይናገራል። የሞቱት 121 ናቸው። ሞታቸው ከአካባቢው ሕዝብ ሁለት እጥፍ ነበር፤ የሞቱትም ከሚጠበቀው ዕድሜ ወደ 30 ዓመት ቀድመው ነው። ከሁሉ በላይ ልብ የሚሰብረው የሞታቸው ምክንያት ነው። ግማሽ ያህሉ የሞቱት በተላላፊ በሽታ፣ ጎረቤታቸው ታክሞ በሚድንበት ዓይነት ሕመም ነው።

ይህን ከዓለም አቀፉ ሥዕል ጋር ማየት ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከ6 ሰዎች አንዱ፣ ከጎላ የአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖሩ ገልጿል። አንዳንዶቹ ከሌላው ሕዝብ እስከ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱም ጽፏል። ምክንያቱንም በጤና አገልግሎቱ፣ በድህነትና በመገለል ውስጥ አግኝቶታል። የቡታጅራው ጥናት ያንኑ በእኛ መንደር፣ በእኛ ሰዎች ስም አሳይቶናል።

ታማሚዎች የሚታሰሩበት ሰንሰለትስ? በሶዶ ወረዳ ቤተሰቦችን ያነጋገረ ጥናት ታማሚ ልጃቸውን ያሰሩ ወላጆች በጭካኔ እንዳላሰሩት አሳይቷል። ጠፍቶ እንዳይሞት፣ ሰው እንዳይመታ፣ ወደ ጸበል ወይም ወደ ሐኪም ቤት ለመውሰድ፣ ወይም ደግሞ እናት ብቻዋን ሆና እርሻም ቤትም ልጅም መጠበቅ ስላቃታት ነው። ሰንሰለቱን ያጠበቀው የረዳት ማጣት ነው። እዚያው ሶዶ የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ መሰጠት ሲጀምር ከታማሚዎቹ መካከል ባለፈው ዓመት የታሰረው ከ4 ሰው አንዱ ያህል የነበረው በዓመት ውስጥ ከ10 ሰው ወደ አንድ ያህል ወረደ። ቻርሎት ሀንሎንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት የዕጣ ሙከራ ደግሞ በጤና ጣቢያ ነርስና ጤና መኮንን የሚሰጠው ክትትል ከሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳላነሰ አረጋገጠ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ሥራም አለ። በመድኃኒቱ ላይ፣ የሠለጠነ የአካባቢ ሰው የቤት ለቤት ጉብኝት ሲታከልበት፣ ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው ወደ ሥራውና ወደ ሰው የመመለስ አቅሙ ከ12 ወር በኋላ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

እነዚህን ጥናቶች አንድ ላይ ስናያቸው መልእክታቸው ቀላል ነው። ሐኪሙ ወደ ታማሚው መንደር ሲጠጋ ሰንሰለቱ ይላላል። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረው አማኑኤል ብቻውን ይህን ማድረግ አይችልም፤ ማድረግም አይጠበቅበትም።

እናቶችና ትምህርት ቤት

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ከሐኪም ቤት አውጥተው ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቤታችን ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አንዲት እናት የከፈተችውን መንገድ ጥናት ተከተለው።

በአዲስ አበባ የዕድገት መዛባት ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን የጠየቀና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። 45 በመቶዎቹ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ፤ ከ4ቱ አንዱ በላይ ደግሞ ነገሩ እንዳይታወቅ ይጥራሉ። ያልተሟላላችሁ ነገር ምንድን ነው ሲባሉ ግን ከ4ቱ ሦስቱ የጠቀሱት መገለሉን አይደለም፤ የልጃቸውን ትምህርት ነው። ወላጅ ይህን ያህል ግልጽ መልስ ከሰጠ፣ ኀፍረቱን በስብከት ብቻ ለማጥፋት የምንደክመው ለምንድን ነው? የሚቀበለው ክፍል ያለው ልጅ የሚደበቅበት ምክንያት ይቀንሳል።

የትምህርት ሚኒስቴር አኃዝ ችግሩን ያሰፋዋል። በ2011 ዓ.ም. ልዩ ፍላጎት ካላቸው ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ላይ የተመዘገቡት 11 በመቶ ያህል፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ 3 በመቶ የማይሞሉ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠናም ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ ከአገሩ ኑሮ ጋር ተስተካክሎ፣ በአዲስ አበባና በቡታጅራ ገጠር ተሞክሯል። ዐሳቡ ልጁ ክፍል እስኪያገኝ ድረስ እናቱ ባዶ እጇን እንዳትጠብቅ ነው።

መስማት የተሳናቸው ልጆች ዘንድ ደግሞ የሚያኮራን አንድ ሀብት አለ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል እንደ ፊደላችን ነው። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይናገራል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ቤቶች ይለያል። "በ" ብሎ የያዘ እጅ ሲንቀሳቀስ "ቡ"፣ "ቢ"፣ "ባ" እያለ ይሄዳል። ይህን ሀብት ይዘን ግን መስማት የተሳናት ሴት ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሚተረጉምላት ብዙ ጊዜ ወንድሟ ወይም ልጇ ነው። ለሐኪም ብቻ የሚነገር ነገር እንዴት በልጅ እጅ ይነገራል?

ያልተጠየቁ ጥያቄዎች

ማኅበረሰባችን አካል ጉዳተኛን በሁለት ዓይን ያያል፤ በምፅዋት ወይም በአድናቆት። ሁለቱም ዓይን የሚዘሉት አንድ ነገር አለ፤ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ እንደማንኛውም ወጣት ማፍቀራቸውን። በአዲስ አበባ 426 አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ያነጋገረ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደጀመሩ አሳየ። በመጀመሪያው ግንኙነት ጊዜ የእርግዝና መከላከያ የተጠቀሙት ግን ከሦስት አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ወላጅ "የእኔ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም" ይላል፣ ነርሷ "አንቺን ደግሞ ምን አገባሽ" ብላ ትገረማለች፣ ወጣቷም ዕውቀት ሳይደርሳት አደጋው ይደርስባታል።

ጥያቄ የሚነሣው ከጠያቂው ነው። በዚህ ረገድ ሁለት ሰዎች ሳይጠቀሱ ማለፍ አይገባም። ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርትን እንደ ሙያ ካቆሙት አንዱ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ አካል ጉዳት በኢትዮጵያ ያሳተሙት መጽሐፍም ለኋለኞቹ መነሻ ሆኗል። የትነበርሽ ንጉሤ ደግሞ በወሎ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣች፣ ሕግ ያጠናች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘች ሴት ናት። ዓይነ ስውርነቷ በልጅነቷ ከመዳር አድኖ ትምህርት ቤት እንዳስገባት በአደባባይ ስትናገር ብዙዎች ይደነግጣሉ። በዚህ አባባሏ ውስጥ ግን ለተመራማሪ የሚበቃ ጥያቄ አለ። አንድ ጉዳት በማን ላይ፣ በየትኛው ቤት፣ በየትኛው ጾታ ላይ ሲያርፍ ምን ያስከትላል? ይህን ጥያቄ ውጭ ሆኖ የሚቆጥር ሰው አያስበውም።

አዋጅና መወጣጫ

ሕጋችን ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና ድጋፍ እንዲመድብ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 የሥራ ስምሪት መብትን ደነገገ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ የአገሪቱ ሕግ አካል አድርጋዋለች።

ሕጉ ወደ መሬት ሲወርድ የሚመጣውን ለማየት አንድ ቀን ከተማ ውስጥ ከዊልቸር ተጠቃሚ ጋር መዋል ይበቃል። መወጣጫው አለ፣ ግን ቁልቁለቱ ሁለት ሰው ካልገፋ አያስወጣም። መወጣጫው አለ፣ ግን ጫፉ ላይ ቦይ ይጠብቃል። መወጣጫው አለ፣ ግን የሚያደርሰው ወደ ተቆለፈ የጎን በር ነው። ውስጥ ተገባ እንበል፤ መጸዳጃ ቤቱ ደረጃ አለው፣ የምርመራ አልጋው ከወገብ በላይ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም። ታካሚው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ውኃ አይጠጣም፤ ለምን ሲሉት "መጸዳጃ አላገኝም" ይላል። ይህ በምንም ዓይነት የጤና ሪፖርት ላይ አይሰፍርም፤ ኩላሊቱ ግን ይመዘግበዋል።

ምን ይቀራል?

ጥናቶቹ አንድ ላይ ሲመዘኑ ብርታታቸውም ድካማቸውም ይታያል። ብርታታቸው በዕጣ ሙከራ የተፈተኑ፣ በአገር ሰው እጅ የሚሠሩ፣ ርካሽ መፍትሔዎች ማቅረባቸው ነው፤ ወረንጦና ቀላል ቀዶ ሕክምና፣ ሳሙናና ጫማ፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ የአእምሮ ሕክምና። ድካማቸው ግን በጥቂት ቦታዎች መሰብሰባቸው ነው። ቡታጅራ፣ ሶዶ፣ ወላይታ፣ ጎጃም፣ አዲስ አበባ ተደጋግመው ይነሣሉ፤ የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር፣ ዊልቸር በአሸዋ ላይ የማይሄድለት ሰው፣ ገና በአግባቡ አልተጠየቀም። በሰሜኑ ጦርነት እጅና እግራቸውን ያጡ፣ የመስማትና የማየት አቅማቸው የተጎዳ፣ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስዳቸው ወጣቶችም በሥራ መስክና በትዳር የሚገጥማቸውን ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ይሻሉ።

ሁለተኛው ድካም ከታወቀው እስከሚደረገው ያለው ርቀት ነው። የምሥራቅ ጎጃሙ ሕክምና ከተፈተነ ዓመታት አልፈዋል፤ ሳሙናው፣ ቫዝሊኑና ፋሻው በየጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ እስኪገኝ ግን ጥናቱ ሥራውን ጨርሷል አይባልም። በዚህ ላይ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቁልፍ ሰዎች ናቸው። በየቤቱ የሚገቡ፣ ጓዳውን የሚያዩ፣ የተደበቀውን ልጅ ስም የሚያውቁ እነሱ ናቸው። በቦርሳቸው ከክትባቱ ካርድ ጎን ስድስቱ ጥያቄዎች ቢጨመሩ፣ ከጥያቄዎቹ ጋርም ሰው የሚላክበት ቦታ ቢኖር፣ ብዙ ነገር ይለወጣል። ሰው የሚላክበት ቦታ ሳይኖር ግን ጥያቄው ብቻውን ቢሄድ ቤተሰቡን እንደገና ያሳፍራል እንጂ አያክምም።

የሚቀጥለው የሕዝብ ቆጠራ አንድ ቀን ይደረጋል። ያን ቀን ቆጣሪው ደጃፍ ላይ ሲቆም አባወራውን ብቻ ጠይቆ እንዳይሄድ እለምናለሁ። ማድ ቤት በር ላይ፣ ጢሱን በነጠላዋ ጫፍ እየተከላከለች የተቀመጠችውን እናት ይጠራት። "እናቴ፣ ለማየት ይቸገራሉ?" ብሎ ይጠይቃት፤ ከዚያም መልስ እስክትሰጠው ይጠብቅ። "አያለሁ፣ ግን ይወጋኛል" ትለው ይሆናል። ያ መልስ የሚጻፍበት መስመር በቅጹ ላይ መኖር አለበት፤ ከቅጹ በኋላም ነርሷ ያለችበት ጤና ጣቢያ።